የወርቅአገኘሁ ሙዚቃዊ ኮሜዲ

ወርቅአገኘሁ ሰው ይንቃል። ደብረ ብርሃን ውስጥ እሱን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እሱም ደብቆት አያውቅም። ባለሥልጣን ይንቃል፣ ምሩቅ ይንቃል፣ ዘፋኝ ይንቃል፣ ለዘፋኝ የሚያጨበጭበውን ደግሞ አብልጦ ይንቃል። ዕድሜውን ሙሉ በብርድ ልብስ ፋብሪካ ሱፍ ሲያበጥር ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ ባልደረቦቹ ለስላሳ ከፍተው ደግ ደጉን ከተናገሩለት በኋላ እሱም አንድ ነገር እንዲል ጋበዙት። ብድግ አለና፣ «ከመካከላችሁ መናገር የሚችል አንድ ሰው ይጠፋል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር» ብሎ ተቀመጠ። ሰዎቹ ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነው።

ሚስትም አግብቶ ነበር። እሑድ እሑድ የሬዲዮ ድራማ መስማት ትወዳለች፤ እሱ ደግሞ አጠገቧ ቁጭ ብሎ እያንዳንዱ ተዋናይ የቱ ላይ እንደዋሸ ይነግራታል። ትንሽ ታገሠችው፤ ከዚያ ሬዲዮኗን ብብቷ ውስጥ አድርጋ ሄደች። ማን ይፈርድባታል።

ከሁሉ ከሁሉ የሚንቀው ግን «ሙዚቃዊ ኮሜዲ» የሚለውን ስም ያለ ቦታው የሚጠራ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ከተማውን ሞልቶታል። መናኸሪያው ግድግዳ ላይ «ታላቅ ሙዚቃዊ ኮሜዲ» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ ተሰልፈህ ስትገባ የሚጠብቅህ ቀሚስ ለብሶ ሆዱ ላይ ትራስ ያሰረ ጎረምሳ ነው። ስለ አማቱ ይቀልዳል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ይወድቃል። መሐል ላይ አንዲት ልጅ ወጥታ በተቀዳ ዘፈን ላይ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። አበቃ። የሰርግ መድረክ የሚመራው ሰውዬ ሳይቀር በባጃጁ ጀርባ «ሙዚቃዊ ኮሜዲ በትእዛዝ እናቀርባለን» ብሎ ጽፏል። ስልክ ላይ የሚለቀቀውን እንኳ ባናነሣው ይሻላል።

አንድ ጊዜ ወርቅአገኘሁ እንዲህ ያለ ዝግጅት የሚያሰናዳ ጎልማሳ አዳራሹ በር ላይ አግኝቶ አስቆመው።

«ዘፈኑን ብታወጣው ከታሪኩ ምን ይጎድላል?» ሲል ጠየቀው።

«ምንም አይጎድልም ጋሼ፤ ሰዓቱ ያጥራል እንጂ።»

«እንግዲያው አውጣው። ቀጥሎ ደግሞ ቀልዱን አውጣው። ከዚያ ሰው በጊዜ ቤቱ ይገባል።»

ጎልማሳው አንድ ነገር ሊለው አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሽማግሌ ነው ብሎ አልፎት ገባ።

ወርቅአገኘሁ ይህን ሁሉ ንቀት ከየት አመጣው ቢባል፣ ነገሩ የሚጀምረው በደርግ ዘመን ከኪነት ነው። ያኔ ቀበሌው ሁሉ የኪነት ቡድን ነበረው፤ እሱም ገና ጢሙ ሳይበቅል አኮርዲዮን አንግቶ ከደብረ ብርሃን ቡድን ገባ። አንድ ክረምት ከአዲስ አበባ አንድ ቀጭን አሠልጣኝ ተላከላቸው። ሰውዬው ሲጋራ ያጨሳል፣ ብርዱን ይራገማል፣ ግን የሚያውቀውን ያውቃል። ስለ ሙዚቃዊ ኮሜዲ ያስተማራቸውን ወርቅአገኘሁ እስከ ዛሬ እንደ ውዳሴ ማርያም ይወጣዋል። ሰዎቹ ሲነጋገሩ ቆይተው ንግግር የሚያጥርባቸው ቦታ ይመጣል፤ የሚዘፍኑት እዚያ ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ ነገሩ ከነበረበት ፈቀቅ ማለት አለበት፤ የተጣላው መታረቅ፣ ያመነው መጠርጠር፣ የቆመው መሄድ አለበት። ዘፈኑ አልቆ ሁሉም በነበረበት ከተገኘ፣ ያ ዘፈን ያለበት ጨዋታ እንጂ ሙዚቃዊ ኮሜዲ አይባልም። ደግሞም ኮሜዲ ነውና መጨረሻው ሰርግ ነው። ሰዉ የሚስቀው ሰርጉ እንደማይቀር ስለሚያውቅ ነው አለ አሠልጣኙ።

ይህን ትምህርት አብራው የተማረች ሰናይት የምትባል ልጅ ነበረች። ገደል አፋፍ ላይ ያለችው ትንሽ ከተማ የጎረቤላ ልጅ ናት፤ ለትምህርት ወደ ደብረ ብርሃን መጥታ አክስቷ ቤት ተቀምጣ፣ ቡድኑ ውስጥ ከተቀባዮቹ ጋር ትዘፍናለች። ሁለቱ ተዋደዱ። እንዴት እንደተዋደዱ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ሰው ሁሉ በሚዋደድበት መንገድ ነው። አባቷ ግራዝማች ገብረ ጻድቅ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ መሬቱን አብዮቱ ቢወስደውም ማዕረጉና ኩራቱ ቀርቶላቸው ነበር። ልጃቸው መድረክ ላይ ስትዘፍን ታየች መባሉን ሲሰሙ ሰው ልከው ከትምህርቷ አስወጥተው አስመጧት። ወርቅአገኘሁም የደንቡን አደረገ፤ ሽማግሌ ላከ።

ሽማግሌዎቹ ከደብረ ብርሃን ተነሥተው ጎረቤላ ደረሱ። በሩ ላይ ሲቆሙ ግራዝማች ከተቀመጡበት አልተነሡም። ኖር አላሏቸውም። ግቡም፣ ተቀመጡም አላሏቸውም። ቤት ውስጥ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ ባለጉዳዩ ሁሉ ነበር፤ የቤቱ ጌታ ስላልተነሣ እሱም አልተነሣም። ሰዎቹ እንደቆሙ የመጡበትን ተናገሩ። ግራዝማችም፣ «ልጄን ላዝማሪ ከምሰጥ ለገደሉ እሰጣታለሁ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ተመለሱ። ጎረቤላ ለብዙ ጊዜ ሳቀች። ገበያ ላይ «አዝማሪው እንዴት ነው፣ አገባ?» እየተባለ ተሳቀበት። ሰናይትን ደነባ ላለ ሰው ዳሯት፤ ወለደች፣ ከበደች፣ ባልዋን ቀበረች፣ ካቻምና እሷም ሞተች። ወርቅአገኘሁ የሰማው የሚኒባስ ሰልፍ ላይ ከሁለት ሴቶች ወሬ ነው። ለቅሶ አልደረሰም። ምን ሆኖ ይሂድ?

እንግዲህ ሰውየው በጡረታው ዘመን ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ የጻፈው ይህንኑ ነው። «የግራዝማች እምቢታ» ይባላል። ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ ግራዝማቹ በዘፈን እምቢ ይላል። ሽማግሌዎች ደግመው ይመጣሉ፣ ከፊተኛው በባሰ ጅል ዘፈን እምቢ ይላል። እምቢታው እየበዛ ሲሄድ ሰውየው እየተኮፈሰ፣ እየተኮፈሰ፣ መጨረሻ ላይ ባዶ ቤቱ ውስጥ ብቻውን እስክስታ ሲወርድ መጋረጃው ይዘጋል። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ይህ እምቢታ በሌላ ከተማ እንዲታይለት ጉዳዩ አልነበረም፤ ጎረቤላ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት እንዲሳቅበት፣ የግራዝማች ልጅ፣ የሰናይት ታናሽ ወንድም ሙሉቀንም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ የአባቱን መሳቂያ መሆን እስከ መጨረሻው እንዲያይ ፈለገ። ሙሉቀን አሁን ጢሙ ሸብቷል፣ አስታራቂ ነው፣ የጎረቤላ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ካለ ፊት የሚቀመጠው እሱ ነው።

ጽሑፉ የባህል ጽሕፈት ቤት መሳቢያ ውስጥ ሲያረጅ ከቆየ በኋላ ዘንድሮ ቴዎፍሎስ አወጣው። ቴዎፍሎስ የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ነው፤ ገና ወጣት፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ ማንበብ የማይወድ። የባህል ሳምንት ደርሶበት የሚያቀርበው ጠፍቶት እንጂ አፍቅሮት አይደለም።

«ሙዚቃዊ ኮሜዲ ነው አይደል ጋሼ? ሰው ይወደዋል። ቀልድም አለው፣ ዘፈንም አለው» አለው።

«ቀልድና ዘፈን ስላለው አይደለም ሙዚቃዊ ኮሜዲ የሚባለው» አለ ወርቅአገኘሁ፤ ትምህርቱን ከሥር ጀመረለት። ቴዎፍሎስ እየሰማ ስልኩን ያያል። መጨረሻ ላይ፣ «በጣም ጥሩ፣ ማስታወቂያው ላይ እንደዚያ እናሰፍረዋለን» አለ። ያሰፈረው «አዝናኝ ሙዚቃዊ ኮሜዲ ከነሙሉ ባንዱ» የሚል ነበር። ሙሉ ባንድ የተባለው ወርቅአገኘሁና አሮጌ አኮርዲዮኑ ነው።

ተዋንያኑን የመረጠው እየተቆጣ ነው። ሽማግሌዎቹን የሚጫወቱት ከድራማ ክበብ የመጡ ጎረምሶች ሲሆኑ ጢማቸውን ከፋብሪካው በለመነው ሱፍ ራሱ ሠራላቸው። የሰናይትን ቦታ የያዘችው ኩብራ ናት፤ የአልዩ አምባ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፣ ድምጿ የጠራ ነው። ወርቅአገኘሁ ድምጿን አንድም ቀን አላመሰገነም፤ አለመሳደቤን እንደ ምስጋና ቁጠሪው ብሏታል። ለግራዝማቹ ግን ሰው አጥቶ ሲንከራተት የተፈናቃዮች መጠለያ ውስጥ ወገኔን አገኘ። ወገኔ ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ ገበሬ ነው፤ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ድምፁ ከደረቱ ሥር የሚወጣ። ጋቢ አልብሰህ ከዘራ ስታስይዘው ማንም ግራዝማች ነው ይላል። እምቢ ሲል መስኮቱ ይነዝራል። ወርቅአገኘሁ በሕይወቱ ደስ ያለው የሚመስለው ወገኔ እምቢ ሲል ብቻ ነበር።

ልምምድ ላይ አንድ ቀን ኩብራ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ? እርስዎ ኮሜዲ መጨረሻው ሰርግ ነው ብለው አስተምረውናል። ይኼ ግን ሰርግ የለውም። ታዲያ በእርስዎ አነጋገር ሙዚቃዊ ኮሜዲ ነው?»

ጎረምሶቹ ሱፍ ጢማቸውን ይዘው ወርቅአገኘሁን አዩት። እሱም አኮርዲዮኑን ከደረቱ አወረደና፣ «አንቺ የተሰጠሽን ዝፈኝ» አላት። ያን ቀን ልምምዱ በጊዜ ተበተነ። ልጅቷ ልክ ነበረች፤ እሱም ያውቃል፤ ያወቀበትን ሰው ደግሞ ይቅር የሚል ዓይነት አይደለም።

መንገዱ ሰላም በሆነበት ሳምንት፣ በገበያ ቀን፣ በአንድ ሚኒባስ ተጭነው ወደ ጎረቤላ ሄዱ። ጭጋጉ ከገደሉ ሥር እየወጣ ገበያውን ይሸፍነዋል፣ ይገልጠዋል። የወረዳው አዳራሽ ከቀትር በኋላ ሞላ። ገበያ የወጣው ሁሉ ገብቷል፤ ገበሬው ዱላውን ጉልበቱ መሐል አቁሟል፣ ሴቶቹ ዘንቢላቸውን እግራቸው ሥር አድርገዋል፣ ከአልዩ አምባ የመጡት ነጋዴዎችም ከነሸቀጣቸው በአንድ ወገን ተቀምጠዋል። ሙሉቀን ፊት ወንበር ላይ ነበር። ወርቅአገኘሁ በመጋረጃው ቀዳዳ አየው። አባቱን አፍንጫው ሳይቀር ቁርጥ ነው። ተመቻችቶ እንደተቀመጠ አረጋገጠና በልቡ፣ ቆይ ብቻ አለ። አዳራሹን በሙሉ ናቀው፤ ዱላውን፣ ዘንቢሉን፣ ሳሉን፣ ስልኩን፣ ሁሉንም። አሁን በራሳችሁ ትስቃላችሁ አለ፤ ስትስቁም በራሳችሁ እንደሆነ አይገባችሁም።

አንድ ነገር ግን ከአሠልጣኙ ተምሮ ነበር። ተዋንያን ሁልጊዜ ከጎን መውጣት የለባቸውም፤ አንዳንዴ በተመልካቹ መሐል ሰንጥቀው ቢመጡ ታሪኩ ይሞቃል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹን በአዳራሹ ዋና በር እንዲገቡ፣ በሰዉ መሐል እየዘፈኑ አልፈው መድረኩ ሥር እንዲቆሙ አዘዛቸው። ሰውዬውን የጎዳው ይህ ብልሃቱ ነው።

መጋረጃው ተከፈተ። ወገኔ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ከዘራውን ይዞ፣ በርጩማ ላይ ተኮፍሶ ተቀምጧል። በመጠለያ የእርዳታ እህል ስፍር ሲጠብቅ የሚውል ሰው መሆኑን ማን ይገምታል። ሰዉ ገና ሲያየው ሳቀ። ከኋላ በሩ ተከፈተና ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጎንበስ ብለው፣ ቀስ እያሉ።

ደጅህ ላይ ቆመናል፣ ግራዝማች ስማን፤
የአንተን ልጅ ለእኛ ልጅ ስጠን፣ አታሳማን።

በር አጠገብ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ሽማግሌ ሲያልፍ ተቀምጦ ማሳለፍ አልሆንላቸው ብሎ ብድግ አሉና «ኖር» አሉ። አጠገባቸው ያለውም ተነሣ። የኋላው ረድፍ ተነሣ፣ መካከለኛው ተነሣ፣ አዳራሹ በሙሉ ቆሞ «ኖር» አለ። ሱፍ ጢም የለጠፉት ጎረምሶችም አፋቸው ቀደማቸውና፣ ዘፈናቸውን አቋርጠው፣ «በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጡ» አሉ። ይህ ጽሑፉ ውስጥ የለም። ወርቅአገኘሁ መድረኩ ጥግ፣ መጋረጃው ሥር ሆኖ ጥርሱን አፋጨ። ጨዋታ መሆኑን ያላወቀ አንድም ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ቢሆንም አንዴ ተነሥተዋል፤ ሽማግሌዎቹ ቆመው እያሉ ደግሞ ማን ቀድሞ ይቀመጣል?

ስለዚህ ወገኔ መዝፈን ሲጀምር የሚያየው የተቀመጠ ተመልካች ሳይሆን የቆመ አገር ነበር።

ላዝማሪ አልሰጥም፣ አልድርም ልጄን፤
በዘፈን አላሳርስ እኔስ ማሳዬን።

መሳቅ የነበረባቸው እዚህ ላይ ነው። የሳቀ የለም። ሽማግሌ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ፣ አንድ ሰው ተቀምጦ እምቢ ሲል የሚሳቅበት ነገር አልታያቸውም። ጉርምርምታ ተነሣ። «ኧረ ነውር ነው» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። ከአልዩ አምባ ነጋዴዎች መሐል ሐጂ አብዱልጀሊል የሚባሉት አዛውንት ጥቂት ወደ ፊት ራመድ ብለው፣ «ወላሂ እኛም ዘንድ ሽማግሌ እንዲህ አይመለስም» አሉ። ወገኔ ዘፈኑን ሊደግም አፉን ከፈተ። ድምፁ እንደ ወትሮው መስኮት አልነዘረም።

ያኔ ሙሉቀን ከፊት ወንበር ተነሥቶ ሄደና ከጎረምሶቹ ጎን ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ። ወገኔን ቀና ብሎ አየው፤ ጋቢውን አየ፣ ከዘራውን አየ።

«ግራዝማች» አለው፤ «ሰዎቹ ቆመዋል እኮ። ይስጡ። አዝማሪም ሰው ነው።»

ያ ስም በዚያ ከተማ ማንን እንደሚያመለክት የማያውቅ አልነበረም። ሁለት ሦስት አዛውንቶች እየተመሩ ወጥተው ከሙሉቀን ጎን ቆሙ፤ ሐጂ አብዱልጀሊልም ተከተሏቸው። ሐሰተኞቹ ሽማግሌዎች ከእውነተኞቹ መሐል ገብተው የሚያደርጉት ጠፋቸው፤ የአንዱ ጢም በግማሽ ተልጦ ተንጠልጥሏል።

«እምቢ በል» አለ ወርቅአገኘሁ በሹክሹክታ ከመጋረጃው ሥር። «እምቢ በል አንተ። ጽሑፉን ተከተል።»

ወገኔ ወደ መጋረጃው ዞር ብሎ አየው፤ ወደ ሽማግሌዎቹም አየ። ከዚያ ከዘራውን መሬት አስቀምጦ ከበርጩማው ተነሣና፣ «ኖር። ኧረ ተቀመጡልኝ አባቶቼ» አለ። «ይሁን፤ ልጄን ሰጥቻለሁ።»

እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ሴቶቹ ወደ መድረኩ ጥግ ሄደው፣ መጨረሻ ላይ አልቅሳ እንድትወጣ የተዘጋጀችውን ኩብራን እጇን ይዘው አወጧት። የአንዷ ነጠላ ራሷ ላይ ተጣለላት። አንዱ ገበሬ ውኃ የተቀዳበትን ጀሪካን ደፍቶ ከበሮ አደረገው። ተውኔቱ ገና ከመጀመሩ አለቀ። የቀሩት እምቢታዎች በሙሉ፣ ብቻውን እስክስታ የሚወርደው ግራዝማች፣ ያ ሁሉ ዓመት የተጻፈና የተሰረዘ ነገር ከንቱ ቀረ። ቴዎፍሎስ ግን እንዲህ እንዲሆን የታቀደ መስሎት በስልኩ እየቀረጸ ይስቃል። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ ባህል እንዲጠብቅ የተቀጠረው።

ወርቅአገኘሁ ከመጋረጃው ሥር አልወጣም። ሙሉቀን ባርኔጣውን እንደያዘ ወደ እሱ መጣ።

«ጋሼ ወርቅአገኘሁ» አለው። ስሙን ያውቀዋል።

«ተውኔቴን አበላሸህብኝ።»

«አበላሽቼብዎት ይሆናል። አላውቅበትም» አለ ሙሉቀን። «ያን ቀን ልጅ ነበርኩ። ጓዳ ሆኜ በቀዳዳ አይ ነበር። ሽማግሌዎችዎ ውኃ ሳይቀምሱ እንደቆሙ ሄዱ። ዛሬም ደግሞ ቁጭ ብዬ ማየት አቃተኝ።»

ወርቅአገኘሁ ለዚህ ሰው ብዙ መልስ አዘጋጅቶ ነበር የመጣው። ቢቆጣ የሚለው አለ፤ ቢያፍር የሚለው አለ፤ አዝማሪ ብሎ ቢሰድበው የሚለው፣ ከሁሉ የከፋው፣ በየዓመቱ እየተሳለ የኖረ ነው። ለዚህ ግን ምንም አላዘጋጀም።

«እሷስ የት ነበረች?» አለ።

«አብራኝ ጓዳ። እጄን ይዛኝ ነበር።» ሙሉቀን ባርኔጣውን አገላበጠ። «አሁን አንዱ ይነሣል፣ አሁን አንዱ ይነሣል ትለኝ ነበር።»

አዳራሹ ውስጥ ሰዉ ሙዚቃ ብሎ መጮህ ጀመረ። ማስታወቂያው ላይ ሙሉ ባንድ ተብሏልና ባንዱ የታለ አሉ። ወርቅአገኘሁ አኮርዲዮኑ አሁንም ደረቱ ላይ ነበር። ጣቶቹ የሚያውቁት ለእምቢታው የሠራውን ዜማ ነው፤ ያንኑ ጀመረው። ግራዝማች ገብረ ጻድቅን እንዲያዋርድ ተብሎ የተሠራ፣ የሚያላግጥ፣ የሚንፏቀቅ ዜማ። ሰዉ ግን ምኑም አልከበደው፤ ትከሻውን ሰጠው፣ አጨበጨበለት፣ ሰርግ ጨፈረበት። ሙሉቀን ሳይቀር ጨፈረ። ወርቅአገኘሁ እየተጫወተ አያቸው። አሁንም ሊንቃቸው ሞከረ። አንድ ሰው ብቻ ብድግ ቢል ይበቃ ነበር ለካ። አንድ ሰው። ይህን ማድረግ ከቻሉ ያኔ ለምን አላደረጉትም? ይህን እያሰበ ከመቼውም ይበልጥ ጠላቸው፤ ዜማውን ግን አላቋረጠባቸውም።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ቴዎፍሎስ ከፊት ተቀምጦ ተውኔቱን በሌሎች ወረዳዎችም እናዞረዋለን እያለ ያወራል። ወገኔ ከኋላ ወደ ወርቅአገኘሁ ጆሮ ጠጋ አለ።

«ይቅርታ አድርግልኝ ጋሼ። እኔስ ጽሑፉን ልከተል ነበር። ግን ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እየለመነ እንዴት ብዬ? እኔ ራሴ በየሰው ደጅ ቆሜ ነው እዚህ የደረስኩ።»

«ተዋናይ አይደለህም» አለው ወርቅአገኘሁ። ወዲያው ደግሞ፣ «ጋቢውን አትመልሰው፤ ብርድ ነው፣ ያዘው» አለ።

ኩብራ የሰዉ ነጠላ ትከሻዋ ላይ ቀርቶባት ነበር። ደፈረችና፣ «ጋሼ፣ ዘፈኑ ነገሩን ፈቀቅ አደረገው። መጨረሻውም ሰርግ ሆነ። አሁንስ ሙዚቃዊ ኮሜዲ ነው አይደል?» አለችው።

የድሮው ወርቅአገኘሁ ቢሆን የተሰጠሽን ዝፈኝ ይላት ነበር። አኮርዲዮኑን ጉልበቱ ላይ አስተካክሎ፣ «ሙሽራዋ ቀረች» አለ።

ኩብራ እኔ ነበርኩ አይደል እንዴ ልትል ነበር። ፊቱን ስታየው ተወችው። ነጠላውን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።